ባለሥልጣኖቻችን አውቶቡስ ይሳፈሩ፤ ለጤናቸው ሲሉ!

ይህን ርዕስ ያየ አንባቢ «ደግሞ ዛሬ ምን መጣ? ይኼ ሰውዬ ምቀኝነት ይዞታል» ሳይል አይቀርም። የለም፣ ምቀኝነትስ አይደለም። ሹማምንቱ የሚጓዙበት መኪና ከነጥቁር መስታወቱ፣ ከነአጃቢው፣ ከነነዳጁ ይባረክላቸው። ብዕሬን ያነሳሁት ለጤናቸው ተቆርቁሬ ነው። እርግጥ በዚያው ስለ እናንተና ስለ እኔ ጤናም ጥቂት ማለቴ አይቀርም፤ የነገሩ ፍሬም ያለው እዚያው ላይ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ለ7 ዓመት ያህል አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችኝ። ጠዋት ከቤቴ ደጅ አንስታ ቢሮዬ ደጅ ታደርሰኛለች፤ ማታ ከቢሮዬ ደጅ ቤቴ ደጅ ትመልሰኛለች። ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ የማነሳው የመኪናዬን ቁልፍ ነበር። ቦርጬ ከቀበቶዬ በላይ መፍሰስ ሲጀምር ጎረቤቶቼ «ተመችቶታል!» ይሉኝ ጀመር። በእኛ አገር ቦርጭ የሹመት ደብዳቤ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንድ ወጣት ሐኪም የደም ግፊት መለኪያውን ከክንዴ ላይ ፈትቶ ራሱን እስኪነቀንቅ ድረስ። «ጋሼ፣ ደምዎ ከፍ ብሏል፤ ስኳርዎም አፋፍ ላይ ነው። መድኃኒቱን አዝልዎታለሁ፤ ግን በቀን ግማሽ ሰዓት ካልተራመዱ መድኃኒቱ ብቻውን አያዘልቅዎትም» አለኝ። «እሺ ዶክተር» ብዬ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት የተራመድኩት ከሶፋው እስከ ምግብ ጠረጴዛው ብቻ ነው።

ያዳነችኝ መኪናዬ ነች፤ ሞታ! አንድ ቀን ካምቢዮዋ ተሰባበረ። መካኒኩ የጠራልኝ የመለዋወጫ ዋጋ ከእኔ ደመወዝ ጋር የሚተዋወቅ አልነበረም። እያጉረመረምኩ ሰልፍ ገባሁ። ከቤቴ እስከ አስፋልቱ 12 ደቂቃ በእግር፣ ከምወርድበት ፌርማታ እስከ ቢሮዬ 8 ደቂቃ። ማታም እንደዚያው። ድምሩ በቀን 40 ደቂቃ! ስፖርት እየሠራሁ መሆኔንም ልብ አላልኩ፤ ሐሳቤ ሁሉ ታክሲ ማግኘት ላይ ነበር። ከ8 ወር በኋላ ያው ሐኪም ዘንድ ስቀርብ መለኪያውን ሁለት ጊዜ አይቶ «ጋሼ፣ ምን ጀመሩ?» አለኝ። «ሰልፍ!» አልኩት። መድኃኒቴን አልተውኩም፤ ቀበቶዬ ግን ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ይህ የእኔ ብቻ ተአምር ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባላወጣሁት ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የሆነ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ጂም መግባት ግዴታ አይደለም፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ ቤሰርና ዳነንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ የሕዝብ ትራንስፖርት ተጠቃሚዎች ወደ ፌርማታ ለመሄድና ከፌርማታ ለመመለስ ብቻ በቀን 19 ደቂቃ ያህል በእግራቸው ይሄዳሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች «ስፖርት እንሥራ» ብለው የወጡ አይደሉም። ሥራ ነው የሚሄዱት። እርምጃው ምራቂ ነው።

ብሪታንያ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት በሕዝብ ትራንስፖርት፣ በእግር ወይም በብስክሌት ሥራ የሚሄዱ ሰዎች በግል መኪና ከሚሄዱት ይልቅ ቀለል ያሉ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ልዩነቱ ለመካከለኛው ወንድ 3 ኪሎ ገደማ ነው። ሻርሎት በምትባለው የአሜሪካ ከተማ ደግሞ እንደኛው ያለ ቀላል ባቡር ሲከፈት፣ ባቡሩን መጠቀም የጀመሩትና ያልጀመሩት ነዋሪዎች ተነጻጽረው ነበር። የጀመሩት ክብደታቸው ቀንሶ ተገኘ። ቲኬት እንጂ ሌላ የወሰዱት መድኃኒት አልነበረም!

ከሁሉም የሚገርመው ግን የለንደኑ ነው። ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ይፋ ባደረገው ጥናት የለንደንን ባለ ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች መረመረ። በአንድ አውቶቡስ ላይ ሁለት ሰዎች ይሠራሉ፤ ሾፌሩና ቲኬት ቆራጩ። መሥሪያ ቤታቸው አንድ፣ ሰፈራቸው አንድ፣ ኑሯቸውም ያው ተቀራራቢ ነው። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ቲኬት ቆራጩ ግን የአውቶቡሱን ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣ ነበር። ሞሪስ ሲቆጥር በልብ ሕመም የሚጠቁት ቲኬት ቆራጮች ከሾፌሮቹ በጣም ያነሱ ሆነው ተገኙ። «ሾፌሮቹ ድሮም ወፍራሞች ቢሆኑስ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አልቀረም፤ ሞሪስና ባልደረቦቹም የሠራተኞቹን የዩኒፎርም መዝገብ አስወጥተው የሱሪያቸውን ወገብ እስከ መመርመር ደረሱ። የሾፌሮቹ ሱሪ እውነትም ሰፋ ያለ ነበር። ይሁንና በፖስታ ቤት ሠራተኞችም ላይ ነገሩ ያው ሆነ፤ በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉት፣ ወንበር ላይ ከሚውሉት ባልደረቦቻቸው የተሻለ ልብ ነበራቸው። ዛሬ ሐኪም ሁሉ «ተራመድ» የሚለው ምክር አንዱ ሥሩ ያ የለንደን አውቶቡስ ነው። ሞሪስ ራሱ ምክሩን ተከትሎ እስከ 99 ዓመቱ ኖረ።

እንግዲህ ነገሩን ወደኛ አገር አምጡትና የእኛን ወያላ አስቡት። ሲጣራ፣ ሲሮጥ፣ በር ላይ ሲንጠለጠል፣ ሲወርድ ሲወጣ ይውላል። ጭሱና አደጋው ባይኖርበት ኖሮ ከኋላ ወንበር ተንፈላስሰው ከሚያልፉት ጌቶች ይልቅ በእርሱ ልብ ነበር መቅናት የሚገባን።

አንዳንዱ «እሺ፣ ሰውነቱስ ይሁን፤ መንፈስ ግን የሚታደሰው ብቻዬን ሙዚቃዬን ከፍቼ ስነዳ ነው» ይል ይሆናል። እኔም እል ነበር። ከመገናኛ እስከ መስቀል አደባባይ በጠዋቱ ሰዓት መሪ ጨብጦ የሄደ ሰው ግን መንፈሱ ሲታደስ አይቼ አላውቅም። ጥርሱን ሲያፋጭ ነው ያየሁት። ከ18,000 ገደማ የብሪታንያ ሠራተኞች ለ18 ዓመታት የተሰበሰበ መረጃ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም፣ በእግር፣ በብስክሌትና በሕዝብ ትራንስፖርት የሚሄዱት ሰዎች ከነጂዎቹ የተሻለ የአእምሮ እርጋታ እንዳላቸው ታይቷል። በዚያው ዓመት የወጣ የቺካጎ ጥናት ደግሞ በባቡርና በአውቶቡስ ከማያውቁት ሰው ጋር ወሬ የጀመሩ ተሳፋሪዎች ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ ጉዟቸው ደስ እንዳላቸው ይናገራል።

ይህን እኛ ከቺካጎ መማር አለብን እንዴ? ድሮ ፊት ለፊት ተያይተን የምንቀመጥባትን ታክሲ «ውይይት» ብሎ ስም ያወጣላት ይኸው የአዲስ አበባ ሕዝብ አይደለም ወይ? ታክሲ ውስጥ ያልተፈታ የዓለም ችግር የለም። የጤፍ ዋጋ ይነሳል፣ የኳስ ውጤት ይነሳል፣ ሹም ይሻራል፣ ሹም ይሾማል። ባል የሞተባት እናት «እግዜር ያጥናሽ» የሚላት የማታውቀው ሰው የምታገኘው እዚያ ነው። ሳንቲም የጎደለበት ተማሪ «ተወው፣ እኔ እከፍልለታለሁ» የሚል አጎት የሚያገኘው እዚያ ነው። ጡረታ ወጥቶ ቤት ከመዋል ታክሲ ተሳፍሮ ፒያሳ ደርሶ የሚመለስ ሽማግሌ አውቃለሁ። «ልጄ፣ ሰው ለማየት ነው» ይለኛል። ይህን የሚያዝ ፋርማሲ እስካሁን አልተከፈተም።

ታዲያ ነገሩ እንዲህ ከሆነ የአዲስ አበባ ተሳፋሪ በጤና መፈንዳት ነበረበት! ከተማው ራሱ ባዘጋጀው የእግረኛና የብስክሌት ስትራቴጂ ላይ እንደሰፈረው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የነዋሪው ጉዞ በእግር ነው። ከቀረውም አብዛኛው በአውቶቡስና በታክሲ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ቢያየን ሜዳሊያ ሊሸልመን ይገባል። ነገር ግን ጠዋት ሰልፍ ላይ የቆመውን ሰው ፊት ተመልከቱ። የጤና ፊት ነው? መድኃኒቱ እጃችን ላይ ነበር፤ እጃችን ላይ እያለ በረዙብን!

እንዴት በረዙት? እንቁጠር።

መጀመሪያ ሰልፉ። መራመድ መድኃኒት ነው፤ አንድ ሰዓት ከግማሽ ተገትሮ መቆም ግን የወገብና የእግር በሽታ ነው። በዝናቡም በፀሐዩም መጠለያ የሌለው ፌርማታ ላይ የቆመች ነፍሰ ጡር በእግር እንቅስቃሴ ጤናዋ አይጠበቅም። ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ የሚኖር ሠራተኛ ሥራው እንዳይረፍድበት ከሌሊቱ 10 እና 11 ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ማታም ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይገባል። የተራመደው ግማሽ ሰዓት የሰጠውን ጤና የተነጠቀው እንቅልፍ መልሶ ይወስድበታል። ሦስተኛው ጭሱ ነው። የአሮጌ ናፍጣ መኪና ጥላሸት የሚጠጣው መስኮቱን ዘግቶ የሚያልፈው ሰው ሳይሆን ሰልፉ ላይ አፉን ከፍቶ የቆመው ነው። መኪናው የእርሱ ሳይሆን ሳሉ የእርሱ ሆነ። አራተኛው መጨናነቁ ነው። ሴቶች እህቶቻችን በግፊያው ውስጥ የሚደርስባቸውን ነገር ለመናገር ብዕር ያፍራል፤ ኪስ አውላቂውማ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ለራሳችንም አንድ ወቀሳ አለኝ። ያ ሁሉ ሰው ታጭቆ እያለ አንዱ ተሳፋሪ መስኮት ትንሽ ከፈት ሲያደርግ «ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል!» የሚለው ጩኸት ምን የሚሉት ነው? የሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ በተዘጋና በታፈነ ቦታ ይመቸዋል፤ ንጹሕ አየር ሲገባ ይዳከማል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑ፣ ታሪፉም እጥፍ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ያን ጊዜ መስኮት መክፈት ተምረን ነበር። በሽታው ሲረሳ ትምህርቱም አብሮ ተረሳ። ይህን እንኳ መንግሥትን መጠበቅ የለብንም። መስኮቱን እንክፈት!

ወደ መንግሥታችን እንመለስ። ስለ ባቡሩ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። መስከረም 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር ያላጨበጨበ ሰው አልነበረም። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ፣ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ሐዲድ። ወጪውም ወደ 475 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ፣ አብዛኛው ከቻይና የተበደርነው። 41 ባቡሮች መጡ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ግን በመለዋወጫና በጥገና እጦት አብዛኞቹ መቆማቸውን የከተማው ኃላፊዎች ራሳቸው ተናገሩ። ብድሩ ግን እንደ ባቡሩ ቆሞ አይቀርም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

እውነቱን ለመናገር የተሠራውን «አልተሠራም» ማለት አይገባም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በዋና ዋና መንገዶች ዳር ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ድሮ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዘለልን የምናልፍበት ስፍራ ላይ ዛሬ ዘመናዊ ንጣፍ አለ። ይህ ጥሩ ነው፤ እኔም እየተራመድኩበት ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ ኖሮ በእግሩ ሥራ ይሄድ የነበረው ሰው ቤቱ ፈርሶ ከከተማው ጠርዝ ሲደርስ፣ ያ የሚያምር የእግረኛ መንገድ የተሠራው ለማን ነው? የሚራመደውን ሰው አርቀው የሚራመድበትን መንገድ አሳመሩለት! እርሱማ አሁን ሲነጋጋ ሚኒባስ ፍለጋ ጭቃ እየረገጠ ነው። ኅዳር 2011 ዓ.ም. የተጀመረውን «መንገድ ለሰው» የተባለውን ከመኪና ነፃ ቀንም እንዲሁ አስታውሳለሁ። ሹማምንቱ ሸራ ጫማ አድርገው እሑድ በካሜራ ፊት ሲሮጡ ማየት ደስ ይላል። ሰኞስ? ሰኞ ጠዋት መንገዱ የማን ነው?

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ ስለ አውቶቡስ የተናገሩ ነው የሚመስለኝ። ሃምሳ ሰው በሃምሳ መኪና ሲወጣ መንገዱ ተጨናንቆ፣ ነዳጁ ባክኖ፣ ሳንባው ተቃጥሎ፣ ሃምሳውም ቦርጫም ሆኖ ይገባል። ያው ሃምሳ ሰው በአንድ አውቶቡስ ሲሄድ መንገዱ ይሰፋል፤ እያንዳንዱም የራሱን ጥቂት ደቂቃ በእግሩ ሄዶ ጤናውን ይዞ ይመለሳል። ለዚህ ትልቅ ፈላስፋ አያስፈልግም። መንገዱን ለአውቶቡሱ መልቀቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በዋና ዋናዎቹ መንገዶች ላይ አውቶቡስ ብቻ የሚሄድበት መስመር ይከለል፤ በተከለለበትም የሹም መኪና ጭምር አይግባበት። ፌርማታ ሁሉ ጥላና አግዳሚ ወንበር ይኑረው። ኮንዶሚኒየም ሠርቶ ሰው ማስፈር ብቻ ሳይሆን ከብሎኩ እስከ አስፋልቱ የሚያስኬድ መንገድና መብራት ይሠራ፤ ሴት ልጅ በምሽት ሳትፈራ ትግባ። የአውቶቡሱ ሰዓት ይታወቅ፤ ከታወቀም ይከበር። የሚያጨስ መኪና በጉቦ ሳይሆን በምርመራ ይለፍ። የጤና ባጀት ሲያዝ ሆስፒታል ብቻ አይታሰብ። የፌርማታ ጥላም የጤና ባጀት ነው፤ ስኳርና ደም ብዛት ሆስፒታል ከመድረሳቸው በፊት የሚያዙት እዚያ ነውና።

«የአውቶቡስ ነገር እኮ ተራ ነገር ነው፤ ስንት ትልቅ አገራዊ ጉዳይ እያለ!» የሚል ሹም ካለ ታሪክ ያንብብ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ከመምህራኑና ከወታደሩ ጥያቄ ጋር ተጋጥሞ ነገሩ ወዴት እንደሄደ ሁላችንም እናውቃለን። በዘመኑ የነበሩት መኳንንት ታክሲ አይሳፈሩም ነበርና ከውስጡ የሚወራውን አልሰሙም።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ወደ ርዕሴ የምመለሰው። ክቡራን ባለሥልጣናት ሆይ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ቀድማችሁ አታስነግሩ፤ ካስነገራችሁ ያ ፌርማታ በሌሊት ተጠርጎ፣ ሰልፉም ተበትኖ ይጠብቃችኋል። ካሜራም አታምጡ። እንደ ማንኛችንም ተራችሁን ጠብቁ፣ ሒሳባችሁን ክፈሉ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ስትባሉ ጠጋ በሉ። ሁለት ጥቅም ታገኛላችሁ። አንደኛ፣ ከፌርማታ እስከ ቢሮ ስትራመዱ ስኳራችሁ ይወርዳል፣ ደማችሁም ይረጋል። ሁለተኛ፣ ሕዝብ ምን እንደሚል ያለ አማካሪና ያለ ሪፖርት በገዛ ጆሮአችሁ ትሰማላችሁ። ይህኛው ትንሽ ደም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ግን ይለመዳል። እኛ ለምደነዋል።

በአንድ ወር ውስጥ ፌርማታው ሁሉ ጥላ ባያበቅል እኔን ውሸታም በሉኝ።

«ታክሲ ተሳፍረንም አናውቅ፣ ሥርዓቱም ይጠፋናል» የምትሉ ካላችሁ ቀላል ነው። ሲሳፈሩ ወደ ውስጥ ጠጋ ማለት ነው። የተቀመጡበት ወንበር የሌላ ሰውም ተራ እንዳለበት ማሰብ ነው። መውረጃው ሲደርስ ደግሞ ማንም ሳይገፋችሁ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ እንዲህ ማለት ነው፦

«ወራጅ አለ!»